የካራቫን ፍሪጅ በመንገድ ላይ፦ ጋዝ፣ ሽቦና በረዶ

በአውሮፓ፣ በአውስትራሊያና በሰሜን አሜሪካ አውራ ጎዳናዎች በመኪና እየተጎተቱ የሚሄዱት ካራቫኖች፣ ማለትም አልጋና ማብሰያ ያላቸው ተሳቢ ቤቶች፣ ከያዙት ዕቃ ሁሉ ባለቤቶቻቸውን እንደ ፍሪጁ የሚያከራክር የለም። የብዙዎቹ ፍሪጅ በሦስት ዓይነት ኃይል ይሠራል። ማረፊያው መብራት ካለው በ230 ቮልት፣ በአሜሪካ ደግሞ በ120 ቮልት ይሠራል፤ መብራት በሌለበት ሜዳ በሲሊንደር ጋዝ፣ ጉዞ ላይ ሲሆን ከጎታቹ መኪና በሚመጣ 12 ቮልት ይሠራል። ሦስቱ የሚቀያየሩት በአንድ ማዞሪያ ነው፤ ማዞሪያው ግን የትኛው መቼ እንደሚሻል አይናገርም። አንዱ ጋዙን እንደበራ ትቶ ይነዳል፣ ሌላው 12 ቮልት ላይ አድርጎ ከሰዓታት በኋላ ለብ ያለ ወተት ያገኛል፣ ሦስተኛው ሁሉንም አጥፍቶ ዕድሉን ይሞክራል። የዚህ ምዕራፍ አቋም እንዲህ ነው፦ መኪናው ሲንቀሳቀስ ጋዙ ከሲሊንደሩ ራስ ላይ መዘጋት አለበት፣ ፍሪጁም በ12 ቮልት መሄድ አለበት። ይህ እንዲሳካ ደግሞ ሁለት ነገር ቀድሞ መሟላት አለበት፤ በልኩ የተመረጠ ሽቦ፣ እና ከመነሳት በፊት የተጠራቀመ ቅዝቃዜ። 12 ቮልትን የሚያማርሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ የጎደላቸው ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ፍሪጁ እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ ማወቅ ይጠቅማል። በየቤታችን ያለው ፍሪጅ ኮምፕሬሰር የሚባል ሞተር አለው፤ ከጀርባ እየተነሳ እየጠፋ የሚያጉረመርመው እሱ ነው። ሦስት ዓይነት ኃይል የሚቀበለው የካራቫን ፍሪጅ ግን ሞተር የለውም፣ ድምፅም የለውም፤ የሚሠራው በሙቀት ነው። ፈረንሳዊው ፈርዲናንድ ካሬ እ.ኤ.አ. በ1859 አሞኒያና ውኃ እያሞቀ በረዶ የሚያወጣ መሣሪያ የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር። በ1922 ደግሞ በስቶክሆልም የቴክኖሎጂ ተማሪዎች የነበሩት ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ አንድም ተንቀሳቃሽ ክፍል የሌለውን ዓይነት ሠሩ፤ ኤሌክትሮሉክስ የተባለው የስዊድን ኩባንያም በ1925 ለገበያ አቀረበው። ዛሬ በካራቫን ውስጥ ያለው በመሠረቱ ያው መሣሪያ ነው። ከጀርባው ባለች ትንሽ ማፍያ ውስጥ አሞኒያ የሟሟበት ውኃ ይሞቃል፤ አሞኒያው ተንኖ ይለያል፣ ወደ ላይ ወጥቶ በቱቦዎች ውስጥ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ ሃይድሮጅን ወዳለበት የማቀዝቀዣ ክፍል ሲገባ እንደገና ይተናል፤ ለመትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት የሚወስደው ከምግቡ ነው። በመጨረሻ ውኃው አሞኒያውን መልሶ ይመጠውና ዙሩ እንደገና ይጀመራል። እንግዲህ ለማፍያዋ ሙቀቱ ከየትም ይምጣ ከየት ግድ አይሰጣትም። የጋዝ ነበልባልም፣ የ230 ቮልት ማሞቂያም፣ የ12 ቮልት ማሞቂያም ሥራቸው አንድ ነው፤ ያቺን ማፍያ ማሞቅ።

ይህ ብልሃት ዋጋ ያስከፍላል። በኮምፕሬሰር የሚሠራ ፍሪጅ አንድ ዋት ኤሌክትሪክ ወስዶ ከአንድ ዋት የሚበልጥ ሙቀት ከውስጡ ያወጣል፤ በሙቀት የሚሠራው ግን ከአንድ ዋት የሚያገኘው የማቀዝቀዝ ጉልበት የአንድ ዋት ሩብ ያህል ነው። መቶ ሊትር ገደማ የሚይዝ የካራቫን ፍሪጅ በ12 ቮልት ሲሠራ ከ120 እስከ 170 ዋት ይወስዳል። 144 ዋት ነው ብንል ከመኪናው 12 አምፒር ይስባል፣ ከውስጥ የሚያወጣው ሙቀት ግን 36 ዋት ገደማ ብቻ ነው። በአንጻሩ በደህና የተሠራ የዚህ መጠን ፍሪጅ፣ በውስጡና በውጩ አየር መካከል የ20 ዲግሪ ልዩነት ሲኖር፣ በግድግዳውና በበሩ ጎማ በኩል ከ20 እስከ 25 ዋት ሙቀት ወደ ውስጥ ያሾልካል፤ ልዩነቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ ወደ 35 ዋት ይጠጋል። በገቢና በወጪ መካከል ያለው ትርፍ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያል። በሐምሌ ሙቀት ስፔን ውስጥ የሚጓዝ ፍሪጅ ሙሉ ኃይሉን ቢያገኝ እንኳ ያለውን ቅዝቃዜ ያቆያል እንጂ አዲስ የገባን ሞቃት ቢራ አያቀዘቅዝም። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚያያዘው ከዚህ ቀጭን ትርፍ ጋር ነው።

ጋዙን አብርቶ መንዳት ለምን እንደሚስብ ግልጽ ነው። ነበልባሉ ጠንካራ ነው፣ ባትሪ አይነካም፣ ሽቦ አይጠይቅም። ነገር ግን በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ፣ እኛ ቡታጋዝ የምንለው፣ ከአየር ይከብዳል። ፕሮፔን የአየርን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት እጥፍ ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ሲያፈስ ወደ ላይ ተበትኖ አይጠፋም፤ ወለል ላይ ይተኛል፣ በዝቅተኛ ቦታ ይጠራቀማል። በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ሲደርስ እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል፤ ጋዝ ላይ ያለ ፍሪጅ ደግሞ ራሱ እሳት ነው። ጋዙን አብርቶ የሚነዳ ሰው የሚታመንበት መከላከያ አለ፤ ነበልባሉ በነፋስ ከጠፋ ሙቀት የሚለካው ዘንግ ይቀዘቅዝና የጋዙን መግቢያ ይዘጋል። ይህ መከላከያ ይሠራል፣ አስተማማኝም ነው። የሚዘጋው ግን ማቃጠያው ጋ ያለውን መግቢያ ብቻ ነው። በግጭት ወይም በመንገድ ንዝረት ቱቦው ከዚያ በፊት ቢበጠስ፣ ጋዙ ከሲሊንደሩ ጀምሮ በተበጠሰበት በኩል መውጣቱን ይቀጥላል፣ ማቃጠያው ጋ ያለው መከላከያም ስለ ተበጠሰው ቱቦ የሚያውቀው ነገር የለም።

«በአሜሪካ ስንቱ ሰው ፕሮፔኑን እንዳበራ አገር አቋርጦ ይነዳል፣ ምን ሆነ?» የሚል ክርክር ይነሳል። እውነት ነው፣ ብዙዎች ያደርጉታል፣ ብዙዎቹም በደህና ይደርሳሉ። ይሁን እንጂ በደህና የደረሱት ብዛት የሚነግረን ግጭት ብዙ ጊዜ እንደማይደርስ ነው፤ ግጭት ሲደርስ ምን እንደሚሆን አይነግረንም። መለኪያው መጥፎው ቀን ነው። ሕግ አውጪዎችም ያሰቡት ይህንኑ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 122 በጉዞ ላይ የሚበራ የተሽከርካሪ ጋዝ ማሞቂያ ቱቦው ቢሰበር ጋዙን የሚያቆም መሣሪያ እንዲኖረው ይጠይቃል። ለዚህ ሲባል በአውሮፓ ገበያ ግጭት ሲሰማው ራሱን የሚዘጋ ሬጉሌተር ይሸጣል። ደንቡ የወጣው ለማሞቂያ ነው፤ ምክንያቱ ግን ለፍሪጁም ያው ነው። እንዲህ ያለ ሬጉሌተርና ሲበጠስ የሚዘጋ ቱቦ ያስገጠመ ሰው ከሌላው በብዙ የተሻለ ነው፣ ይህን መካድ አይቻልም። እሱም ቢሆን ነዳጅ ማደያ ሲገባ፣ ጀልባ ላይ ሲወጣና ዋሻ ሲያቋርጥ መዝጋቱ አይቀርለትም። ማደያ ውስጥ የቤንዚን ትነት ባለበት ቦታ ከካራቫኑ ጎን ክፍት ነበልባል ይዞ መቆም ምንም ማመካኛ የለውም፣ ሾፌሩ ደግሞ ፍሪጁ መብራቱን የሚረሳው እዚያው ነው። በዋሽንግተንና በባልቲሞር አካባቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሚገባ የሚያውቋቸው ሁለቱ የባልቲሞር ዋሻዎች፣ ሃርበር ተነልና ፎርት መክሄንሪ ተነል፣ ፕሮፔን የጫነ ተሽከርካሪን በጥብቅ ይገድባሉ። ቀድሞ ካራቫን ጎታቾች በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ያልፉ ነበር፤ ድልድዩ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 በመርከብ ተመትቶ ከፈረሰ ወዲህ ግን ከተማዋን በምዕራብ በኩል መዞር ግድ ሆኖባቸዋል። እንግዲህ በየማደያውና በየዋሻው እየቆሙ ከመዝጋትና ከመክፈት፣ ከቤት ሲነሱ አንዴ መዝጋት ይቀላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ወደ 12 ቮልት ስንመጣ ዋናው ጉዳይ ሽቦ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት መታገስ ያስፈልጋል። በመኪናው ኮፈን ሥር ካለው ባትሪ እስከ ካራቫኑ ፍሪጅ ድረስ 8 ሜትር ሽቦ አለ እንበል። ኤሌክትሪክ ሄዶ ስለሚመለስ መንገዱ 16 ሜትር ነው። 1 ሜትር ርዝመትና 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ያለው መዳብ 0.0175 ኦም ይቋቋማል። ስለዚህ ሽቦው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ከሆነ የመንገዱ ጠቅላላ ተቃውሞ 0.11 ኦም፣ 1.5 ከሆነ 0.19 ኦም ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን 144 ዋት የሚወስደው የፍሪጁ ማሞቂያ ራሱ ተቃውሞው 1 ኦም ብቻ ነው። ሞተሩ እየሠራ ዲናሞው 13.6 ቮልት ሲያወጣ፣ ፍሪጁ ጋ በ2.5ቱ ሽቦ 12.2 ቮልት፣ በ1.5ቱ ደግሞ 11.5 ቮልት ገደማ ይደርሳል። 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን 13 ቮልት ይደርስ ነበር። የማሞቂያው ኃይል ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይሄድም፤ ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ትንሽ የቮልት ቅናሽ ትልቅ የኃይል ቅናሽ ያመጣል። በወፍራሙ ሽቦ 169 ዋት የሚያገኘው ያው ፍሪጅ በቀጭኑ 131 ዋት ብቻ ያገኛል። ዲናሞው በሆነ ምክንያት 12.4 ቮልት ብቻ በሚሰጥበት ሰዓት ደግሞ በቀጭኑ ሽቦ የሚደርሰው ወደ 109 ዋት ይወርዳል። የዚህ ሩቡ 27 ዋት ነው። በግድግዳው የሚሾልከው ሙቀት በሞቃት ቀን 35 ዋት ይጠጋል ብለን ነበር፤ ፍሪጁ በርቶ፣ መብራቱም እየታየ፣ ውስጡ ቀስ በቀስ ይሞቃል ማለት ነው። «12 ቮልት አይረባም» የሚባለው ወቀሳ በአብዛኛው መነሻው ይኸው ነው። ፍሪጁ ላይ እንከን የለም፣ የሚጎድለው መዳብ ነው።

በሽቦው ርዝመት ሁሉ ተበትኖ የሚባክነው ሙቀት አደጋ የለውም፤ 16 ሜትር ላይ የተበተነ 25 ዋት እጅ ቢነካው እንኳ አያስታውቅም። አደገኛው አንድ ቦታ ላይ የሚጠራቀመው ነው፣ ያም ቦታ መኪናውንና ተሳቢውን የሚያገናኘው ሶኬት ነው። ይህ ሶኬት ዝናብ ይገባበታል፣ አቧራ ይቅመዋል፣ በክረምት ጨው ይረጭበታል። የነሐሱ ጥርስ አረንጓዴ ዝገት ሲይዝ ወይም የሴቷ ጎን ሲላላ፣ ንክኪው አንድ አሥረኛ ኦም ቢቋቋም በቂ ነው፤ 12 አምፒር ሲያልፍበት በዚያች የእርሳስ ጫፍ በምታክል ጥርስ ላይ 14 ዋት ሙቀት ይወለዳል። ሶኬቱን ነቅሎ ፊቱን በብርሃን ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይለየዋል። ከአሥራ ሦስቱ ጥርሶች አንዷ ወይም ሁለቷ ጠቁረዋል፣ ዙሪያቸው ያለው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ ትንሽ ቀልጦ ጥርሷን ወደ ጎን አዘንብሏታል፣ ሲሸተትም የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። እንዲህ ያለ ሶኬት በአሸዋ ወረቀት አይጠገንም፤ መለወጥ አለበት፣ ከኋላው ያለው ሽቦም ጫፉ ከጠቆረ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ድረስ ተቆርጦ እንደ አዲስ መታሠር አለበት። በአውሮፓ በሚሠራበት ባለ 13 ጥርስ ሶኬት የፍሪጁ መስመር 10ኛው ጥርስ ነው፣ መመለሻው ደግሞ 11ኛው። 9ኛው ለካራቫኑ ባትሪ ነው፣ የእሱ መመለሻ 13ኛው ነው። ብዙ የመጎተቻ መግጠሚያዎች በርካሽ ሲሠሩ የመብራቶቹ መስመር ብቻ ይዘረጋና 9፣ 10 እና 11 ባዶ ይቀራሉ። ባለቤቱ ሶኬቱ ስለገባና የፍሬን መብራቱ ስለበራ ሁሉ ነገር ደህና ይመስለዋል። በአውስትራሊያ ብዙዎች ይህን ችግር የሚያልፉት ለፍሪጁና ለባትሪው 50 አምፒር የሚችለውን አንደርሰን ሶኬት ለብቻው በወፍራም ኬብል በመዘርጋት ነው፤ የሚደነቅ ልምድ ነው።

ከሽቦው ቀጥሎ ፊውዙ ይመጣል፣ ስለ ፊውዝ ያለው የተሳሳተ እምነት ደግሞ ብዙ ቤት አቃጥሏል። ፊውዝ የሚጠብቀው ፍሪጁን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ስለዚህ መጠኑ የሚመረጠው ሽቦው ሊሸከም በሚችለው ነው፣ ቦታውም ከባትሪው ጎን፣ ሽቦው እንደተነሳ ነው። ፍሪጁ ጋ የተቀመጠ ፊውዝ ከባትሪው እስከ ራሱ ባለው 8 ሜትር ላይ ሽቦው ከሻሲው ጋር ተፋትጎ ኮንታክት ቢፈጥር ምንም አያደርግም። 12 ቮልት ሰውን አይዝም፣ ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የመኪና ባትሪ ኮንታክት ሲፈጥር በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ይለቃል፣ ያ ደግሞ ሽቦን በቅጽበት ወደ ማቀጣጠያነት ይለውጣል። ፊውዙ ደጋግሞ ሲበጠስ ከፍ ባለ የሚተካው ሰው የማስጠንቀቂያ ደወሉን ዝም እያሰኘ ነው። ሌላው መሠራት ያለበት ነገር ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ፍሪጁ 12 አምፒር እየጠጣ ሞተሩ ጠፍቶ ምሳ ለመብላት ቢቆም፣ 70 አምፒር ሰዓት የሚይዝ የማስነሻ ባትሪ በሦስት ሰዓት ውስጥ ግማሹ ይሄዳል፤ የቆየ የዚህ ዓይነት ፍሪጅ በ12 ቮልት ላይ ሳለ ብዙ ጊዜ ቴርሞስታቱ ስለማይሠራ ቀዘቀዘ ብሎ ራሱን አያጠፋም። ስለዚህ መስመሩ ሞተር ሲነሳ ብቻ የሚከፈት፣ ሲጠፋ የሚዘጋ መሆን አለበት። በአዳዲስ መኪናዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ ተጨምሯል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ዲናሞው ባትሪው ሞላ ሲል ቮልቴጁን ይቀንሳል፣ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ከፍ ያደርጋል። ቀደም ሲል የጠቀስነው 12.4 ቮልት የመጣው ከዚህ ነው። መፍትሔው የገባው ቮልቴጅ ምንም ይሁን ምን የሚወጣውን እኩል የሚያደርግ መለወጫ ነው፤ ሲገዛ ግን የካራቫኑን ባትሪ ብቻ የሚሞላ ነው ወይስ የፍሪጁንም መስመር የሚመግብ ተብሎ መጠየቅ አለበት፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላም 12 ቮልት በሞቃት ቀን ትርፍ እንደማይተው አይተናል። ታዲያ ለምን እሱን እመርጣለሁ? ምክንያቱም ፍሪጁ በመንገድ ላይ እያለ አዲስ ቅዝቃዜ እንዲፈጥር መጠበቅ የለበትም፤ ያለውን ካቆየ ይበቃል። ቅዝቃዜን ከመነሳት በፊት ማጠራቀም ይቻላል፣ በጣም ርካሹ ማጠራቀሚያ ደግሞ በረዶ ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ለመቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ይጠጣል። በቤት ፍሪዘር በረዶ የሆኑ ሁለት ባለ አንድ ሊትር የውኃ ጠርሙሶች አብረው 185 ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይወስዳሉ ማለት ነው። በግድግዳው የሚሾልከው 25 ዋት ከሆነ፣ ፍሪጁ ጨርሶ ባይሠራ እንኳ ሁለቱ ጠርሙሶች ለሰባት ሰዓት ያህል ይከላከሉለታል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት መብራት የጠፋበት ተራ ፍሪጅ በሩ ካልተከፈተ ምግቡን ለ4 ሰዓት ያህል በደህና እንደሚያቆይ ይመክራል፤ ያም ያለ በረዶ ነው። ስለዚህ ፍሪጁ ከጉዞው በፊት አንድ ሙሉ ቀን በመብራት ወይም ቆሞ በጋዝ መሥራት አለበት፤ የሚገባው ምግብም አስቀድሞ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፣ የበረዶ ጠርሙሶቹ ከላይ ይደረደሩ፣ በሩም በመንገድ ላይ አይከፈት። በዚህ ሁኔታ የተነሳ ፍሪጅ የ12 ቮልቱ ረዳትነት ሲታከልበት የአንድ ቀን ጉዞን በቀላሉ ይዘልቃል። ውስጡ ከ5 ዲግሪ በላይ እንዳልወጣ የሚያሳይ ርካሽ ቴርሞሜትር መሃል መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ ግምትን ያስቀራል። ኢንሱሊን የሚይዙ ተጓዦች ደግሞ በሁለቱም በኩል መጠንቀቅ አለባቸው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት ያለበት መድኃኒት ነው፤ ከሞቀ ይዳከማል፣ አንዴ በረዶ ከሠራ ግን መጣል ነው። ስለዚህ ከማቀዝቀዣው ሰሌዳም ከበረዶ ጠርሙሱም ሳይነካ በበሩ በኩል ይቀመጥ።

ይህ አሠራር የድሃ ዘዴ የሚመስለው ካለ፣ ከዚህ የበለጠ ዋጋ ያለው ዕቃ በዚሁ መንገድ እንደሚጠበቅ ይወቅ። በኢትዮጵያ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ለዓመታት ክትባት ያቆየው በነጭ ጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ የካራቫኑ ፍሪጅ ወንድም ነው፤ ከሥሩ የምትነደው ፋኖስ መሰል እሳት የምታሞቀው ያችኑ የአሞኒያ ማፍያ ነው። የጤና ባለሙያዎች ችግሩን በደንብ ያውቁታል፤ ክሩ ሲያጨስ፣ ነጭ ጋዙ ሲያልቅ፣ ክትባቱ ይበላሻል። እሱን እየተካ የመጣው ባትሪ የሌለው የፀሐይ ፍሪጅ ፀሐይ ባለችበት ሰዓት በግድግዳው ውስጥ ያለውን ውኃ በረዶ ያደርጋል፣ ሌሊቱንና ደመናማውን ቀን የሚያሳልፈው በዚያ በረዶ ነው። ኃይልን በባትሪ ከማስቀመጥ ቅዝቃዜን በበረዶ ማስቀመጥ እንደሚሻል በዓለም ዙሪያ የክትባት ሥራ አስቀድሞ ፈትሾታል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ፀሐይ ነው። ጣሪያ ላይ ፓኔል አለ፣ ለምን ፍሪጁን አያሠራም? በሙቀት የሚሠራውን ፍሪጅ ከሆነ መልሱ አጭር ነው፣ አያሠራም። 144 ዋት ያለ ማቋረጥ ለ24 ሰዓት ማለት በቀን 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ባለ 100 ዋት ፓኔል በጥሩ ፀሐይ በቀን የሚሰጠው ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። ለእሱ ብቻ እንዲህ ያለ ብዙ ፓኔል ያስፈልጋል። ከመኪናው 12 ቮልት በኢንቨርተር 230 ቮልት ሠርቶ ፍሪጁን በዚያ ማሠራትም ትርፍ የለውም፤ ማሞቂያው ያው ማሞቂያ ነው፣ ኢንቨርተሩ በመሃል አሥር ከመቶ ያህሉን በሙቀት ያባክናል፣ ይህን ሁሉ አልፎ ደግሞ በሚንቀሳቀስ ቤት ውስጥ ሰውን ሊገድል የሚችል ቮልቴጅ ይጨመራል።

በጋዝም ሆነ በኤሌክትሪክ ሲሠራ ፍሪጁን ከጀርባው ማየት የሚረሳ ነገር ነው። ከውጭ በኩል ያሉት ሁለት ፍርግርግ መስኮቶች ሙቀቱ የሚወጣባቸው፣ ጋዝ ሲነድም ጭሱ የሚወጣባቸው ናቸው፤ በወፍ ጎጆ፣ በሸረሪት ድር ወይም በክረምት ክዳን መደፈን የለባቸውም። ፍሪጁ ቆሞ ሲሠራ ወለሉ ደልዳላ መሆን አለበት፤ የቆዩት ዓይነቶች ከሦስት ዲግሪ በላይ ዘንበል ሲሉ ፈሳሹ መዞሩን ያቆማል፣ ማፍያዋም ደርቃ ትግላለች። በጉዞ ላይ ንዝረቱ ራሱ ፈሳሹን ስለሚያነቃንቀው ይህ ያን ያህል አያሰጋም። አንዲት በተደጋጋሚ ያለ ልክ የጋለች ማፍያ ውሎ አድሮ ትሰነጠቃለች። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 የካራቫን ፍሪጅ አምራቹ ዶሜቲክ ከ900 ሺህ በላይ ፍሪጆቹን ለጥገና የጠራው የማፍያው ቱቦ ሊሰነጠቅና የሚያፈስሰው ጋዝ ሊቀጣጠል ይችላል በሚል ምክንያት ነበር። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ላይ አደረግሁት ብሎ ፍጹም መዝናናት አይገባም። በጀርባው ላይ ቢጫ ዱቄት ወይም ነጠብጣብ ከታየ ያ ቱቦውን ከዝገት እንዲጠብቅ የተጨመረው የሶዲየም ክሮሜት ጨው ነው፤ ሰው ዓይን የሚያስለቅስ የአሞኒያ ሽታም አብሮት ሊመጣ ይችላል። በዚያች ደቂቃ ፍሪጁ በሦስቱም ኃይል ይጥፋ፣ በር ይከፈት፣ ሰው ይውጣ፣ ቢጫውም በባዶ እጅ አይነካ።

የመጨረሻውና ጠንካራው ተቃውሞ «ይህን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው፣ በኮምፕሬሰር የሚሠራ ባለ 12 ቮልት ፍሪጅ ገዝቶ መገላገል አይሻልም ወይ?» የሚለው ነው። አዲስ ለሚገዛ ሰው መልሴ አዎ ነው። ተመሳሳይ መጠን ያለው የኮምፕሬሰር ፍሪጅ ሲሠራ ከ40 እስከ 60 ዋት ይወስዳል፣ ሲቀዘቅዝም ራሱን ያጠፋል። የቀኑ ፍጆታ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በታች ስለሆነ 200 ዋት ፓኔልና አንድ ባለ 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ይሸከሙታል። ዘንበል ማለት አያስቸግረውም፣ በጉዞም በቆመበትም ያቀዘቅዛል፣ የሲሊንደር ጋዝ አይፈልግም። በሙቀት የሚሠራው የሚበልጠው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ዛፍ ጥላ ሥር ለሳምንታት ሳይንቀሳቀስ ለሚቀመጥ ሰው፣ በቀን ከግማሽ ኪሎ ባነሰ ጋዝ ያለ አንዳች ድምፅ ይሠራል። የኮምፕሬሰሩን ፍሪጅ የገዛ ሰው ግን ከሽቦው ጣጣ ተገላገልኩ እንዳይል። እነዚህ ፍሪጆች ባትሪን ከመሞት ለመጠበቅ ቮልቴጁን እየለኩ ይሠራሉ፤ በብዙዎቹ ውስጥ ያለው፣ ቀድሞ በዳንፎስ ስም ይሸጥ የነበረው ኮምፕሬሰር በፋብሪካው አቀማመጥ 10.4 ቮልት ሲደርስ ይጠፋል፣ 11.7 ካላየ ደግሞ ተመልሶ አይነሳም። የሚለካው ባትሪው ላይ ያለውን ቮልቴጅ አይደለም፤ በቀጭኑ ሽቦ ተጉዞ እሱ ጋ የደረሰውን ነው። ሞተሩ ለመነሳት ሲሞክር ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ይጠፋል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና ይሞክራል፣ ይጠፋል፤ ባትሪው ሙሉ እንደሆነ ሥጋው ይበላሻል። ስለዚህ የትኛውም ፍሪጅ ቢሆን ሥራው የሚጀመረው በቴስተር ነው። ሞተሩ ተነስቶ ፍሪጁ እየሠራ ሳለ፣ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ፍሪጁ ጀርባ ባሉት ሁለት መግቢያዎች ላይ ማድረግ፣ ቀጥሎም ባትሪው ላይ መለካት፤ በሁለቱ መካከል ከግማሽ ቮልት ብዙ የራቀ ልዩነት ካለ መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅሎ ማየት፣ እሱ ንጹሕ ከሆነ ሽቦውን ከባትሪው ጀምሮ በ6 ሚሊ ሜትር ካሬ መለወጥ።